የትልቅ ሕፃን ፍርሃትና የቦረና እናት

የስኳር ሕመም ያለባት ሴት ስታረግዝ ስንት ኪሎ መጨመር ይገባታል? ጥያቄው ሲያዩት የትልልቅ ከተሞች ሆስፒታል ጥያቄ ይመስላል፤ ድርቅ በሚመላለስባት ያቤሎ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት ዱብሉቅና ሜጋ፣ በነገሌ ቦረናም ምን ቦታ አለው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ የምሟገተው ጥያቄው ከየትም ይልቅ እዚህ ሊጠየቅ እንደሚገባው ነው። ስለ ስኳርና ስለ እርግዝና ክብደት ዛሬ ሐኪም የሚሰጠው ምክር ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩ በአብዛኛው የተሠራው እህል በተትረፈረፈባቸው አገሮች ሲሆን፣ ከመነሻው ጀምሮ ትልቅ ሕፃን መፍራት አብሮት ይሄዳል። የእኛም እናቶች ትልቅ ሕፃን ይፈራሉ፤ የሚፈሩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሁለቱ ፍርሃቶች በአንድ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ ሲገናኙ፣ ቀጭን ሆና ያረገዘችን ሴት ምግብ ቀንሺ ወደ ማለት ያደርሳሉ። ይህ ምክር ለቆላው ምድር እናት አደገኛ ነው። የክብደቷ ጭማሪ ሊለካ የሚገባው ስታረግዝ ከነበረችበት አቋም ተነሥቶ ነው፤ ስኳር አለባት መባሉ ብቻውን ልኩን አይወስነውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ ሕፃን በታሪኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። በ1824 በርሊን ውስጥ ሃይንሪሽ ቤነቪትዝ የተባለ የሕክምና ተማሪ ለመመረቂያው ያቀረበው ጽሑፍ ጥሟ አልቆርጥ ስላላት፣ ሽንቷ ውስጥ ስኳር ስለተገኘባት አንዲት ነፍሰ ጡር ነበር። ልጇ 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ምጡ ጠንቶ ሕፃኑ ሞተ። በእርግዝና ወቅት ስለሚከሰት የስኳር ሕመም ከተጻፉት የመጀመሪያው የሚባለው ይህ ነው። በ1882 ማቲውስ ደንከን ለንደን ላይ 22 እርግዝናዎችን አሰባስቦ ሲያቀርብ የእናቶቹም የጽንሶቹም ሞት የሚያስደነግጥ ነበር። ከዚያ በ1921 እና በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ተገኝቶ ለሕክምና ዋለ፤ እናቶች ከሞት መትረፍ ጀመሩ፤ ሕፃናቱ ግን ገና ይሞቱ ነበር፤ ብዙዎቹም ከልክ በላይ ገዝፈው ይወለዱ ነበር። ምክንያቱን አጥርቶ ያስረዳው በ1950ዎቹ የኮፐንሃገኑ ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ነው። የእናቲቱ ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ኢንሱሊኗ ግን አይሻገርም። ስለዚህ የጽንሱ ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ያመርታል፤ ያም ኢንሱሊን ስብ እያከማቸ ትከሻውንና ሆዱን ያገዝፈዋል። እትብቱ በተቆረጠ በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ከእናት ይመጣ የነበረው ስኳር ይቋረጥና፣ የለመደው የኢንሱሊን ብዛት የሕፃኑን የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ፍርሃቱ መሠረት እንዳለው መቀበል ያስፈልጋል፤ ስኳሯን ያልተቆጣጠረች እናት ልጅ በምጥ ላይ ትከሻው ሊያዝ ይችላል።

ከዚህ ጎን ለጎን የሄደ ሌላ ታሪክ አለ፤ ስኳር የሌለባቸውን እናቶች ሁሉ ምግብ የማስቀነስ ታሪክ። በ1889 ሉድቪግ ፕሮኾውኒክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ዳሌያቸው ለጠበበ ሴቶች በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ውኃና እህል የሚቀንስ አመጋገብ አዘዘ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ሕፃኑ አነስ ብሎ በጠባቡ ዳሌ እንዲያልፍ። በዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና ራሱ ገዳይ ስለነበር ሐሳቡ የጭካኔ አልነበረም። ችግሩ የመጣው ምክሩ ከጠባብ ዳሌ ተላቅቆ ለሁሉም ሴት ሕግ ሲሆን ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሐኪሞች ነፍሰ ጡር ከ7 እስከ 9 ኪሎ እንዳታልፍ ይከለክሉ ነበር፤ ክብደት የእርግዝና ደም ግፊትን ያመጣል ተብሎም ይታመን ነበር። በ1970 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ጥናት ይህ ጥብቅነት ሕፃናትን እንደሚያቀጭጭ አስጠንቅቆ ልኩን ከ9 እስከ 11 ኪሎ ድረስ ከፍ አደረገው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1990 ሲሆን በ2009 ተሻሽሏል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ወጥ ቁጥር ቀረ። ከማርገዟ በፊት ቀጭን የነበረች ሴት ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ፣ መካከለኛ አቋም ያላት ከ11.5 እስከ 16፣ ወፈር ያለችው ከ7 እስከ 11.5፣ በጣም የወፈረችው ከ5 እስከ 9 ኪሎ ትጨምር ተባለ። ስኳር ላለባት እናት ደግሞ የተለየ ሰንጠረዥ አልተሠራም፤ የምትገባው በዚሁ ውስጥ ነው። የሕክምናው ዓለም ይህን ለመማር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል የሚለው እምነት ከአንድ አካባቢ የመጣ አይደለም። በ1998 የታተመ የሐዲያ ጥናት እናቶች በእርግዝና ወቅት የተወሰኑ ምግቦችን የሚተዉት በዋናነት የከባድ ምጥ ፍርሃት ይዟቸው እንደሆነ መዝግቧል። በ2016 በታተመ ሌላ የአርሲ ገጠር ጥናት ደግሞ እናቶች፣ ባሎችና አዛውንቶች ስለ እርግዝና ክብደት ምን እንደሚያስቡ ተጠይቀው ተመሳሳይ መልስ ሰጥተዋል። በአፋርም አርብቶ አደሮች ዘንድ በእርግዝና ማብቂያ ምግብ መቀነስ የታወቀ ነው። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ስንፍና ይመስለኛል። ልጅነቷን በችጋር ያሳለፈች ሴት ዳሌዋ ይጠባል፤ ሐኪም ቤት የብዙ ሰዓት መንገድ ከሆነ ጠንቶ የቆየ ምጥ ወይ ሞት ነው ወይ ፊስቱላ። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ይህን ጉዳት በዓይናቸው አይተው ነው። የአርሲ አሮጊትና የጀርመኑ ፕሮኾውኒክ በአንድ ችግር ፊት ቆመው አንድ መፍትሔ አገኙ። ልዩነቱ፣ የአውሮፓ ሐኪም ቀዶ ሕክምናው አስተማማኝ ሲሆንለት መፍትሔውን ተወው፤ የእኛ እናት ግን የምትተውበት ምክንያት ገና በበቂ አልቀረበላትም።

በቦረና ሜዳ ላይ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ የሴቲቱ አቋም ከወተት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ነውና። የቦረና ሴት የወተቱ ባለቤት ናት፤ የሚጠጣውን፣ የሚረጋውን፣ ለገበያ የሚወጣውን የምትወስነው እርሷ ናት። ከተክል ቃጫ በተጎነጎነ፣ ክዳን ባለው ጎርፋ ውስጥ ወተቱን ታረጋለች፤ ጎርፋውን በሙቅ ውኃ ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ በግራር እንጨት ታጥነዋለች። ጢሱ ዕቃውን ያጠራል፤ ለእርጎውም ጣዕም ይሰጠዋል። ከቀን ወደ ቀን አዲስ ወተት እየተጨመረ፣ አጓቱ እየተቀነሰ፣ ኢቲቱ የሚባለው ወፍራም እርጎ ይወጣል፤ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ፣ ለድርቁ ወራት የሚቀመጥ ነው። ይህ ስብና ፕሮቲን የሞላበት ምግብ ነው፤ የደም ስኳርን በድንገት ሽቅብ አይወረውርም። ሆኖም ወተት ብቻ ቀለብ የነበረበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ሌይን ኮፖክ ከ1980 እስከ 1991 በቦረና ሜዳ የተካሄዱ ጥናቶችን አጠቃልሎ በ1994 ያሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝቡ እየበዛ የከብቱ ቁጥር በነፍስ ወከፍ እየሳሳ ሲሄድ ቤተሰቦች በእህል ላይ ያላቸው ጥገኝነት እንደጨመረ ያሳያል። እርሱና ሣራ ሆልደን በ1992 ስለ ወተት ገበያ የጻፉትም ከዚሁ ይገጥማል፦ ለከተማ የቀረበና ድሃ የሆነ ቤተሰብ ወተትና ቅቤውን ወደ ገበያ ያወጣል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ በአንድ ጣሳ ወተት ዋጋ ብዙ ሆድ የሚሞላ በቆሎ ይገዛልና። ዳሩ ግን ቅቤው ወደ ከተማ ሲሄድ ወደ ጎጆው የሚመለሰው ዱቄትና ስኳር ነው። የበቆሎ ገንፎና ስኳር የበዛበት ሻይ ረሃብን ያስታግሳሉ፤ ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ግን ምን እንደሚያደርጉ ከፔደርሰን በኋላ አከራካሪ አይደለም።

ድርቁ ይህን ለውጥ ያፋጥነዋል። የ1983ቱና የ1984ቱ ድርቅ የቦረናን ከብት አረገፈ፤ በ1990ዎቹም ተመለሰ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ባለው ጊዜ ደግሞ ቦረናዎች ‹ገና› እና ‹ሐገያ› በሚሏቸው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ ተከታትሎ ዝናብ ጠፋ። ከብት ያለቀባቸው ቤተሰቦች ዱብሉቅና ሌሎች ቦታዎች ላይ በተተከሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። በመጠለያ የሚሰጠው ቀለብ በብዛቱ እህል ነው፤ ወተት የለበትም። በእነዚያ ዓመታት ያረገዘች ሴት ከሁለት አቅጣጫ ተመታለች፦ ቀጥና አረገዘች፣ የበላችውም ዱቄት ነበር።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ቀጭን ሰው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ አርብቶ አደር፣ ስኳር ከየት ያመጣል? ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በ1999 የታተመ ጥናት በትግራይ ገጠር ያሉ ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ 3.7 ከመቶ በሚሆኑት የእርግዝና ስኳር አግኝቷል፤ እነዚህ የገበሬ ሚስቶች ነበሩ። በ2019 የወጣው የጎንደር ከተማ ጥናት 12.8 ከመቶ ብሏል። ሁለቱን ቁጥሮች አጋጥሞ ሕመሙ በሦስት እጥፍ አደገ ማለት ስሕተት ነው፤ አንዱ የገጠር አንዱ የከተማ ነው፣ መመዘኛቸውም አንድ አይደለም፤ በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ልኩን ለውጦታል። ከሁለቱ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የገጠሯ ነፍሰ ጡር ከዚህ ሕመም ነፃ አይደለችም። ከዚህም በላይ በ2010 የታተመ የጎንደር አካባቢ ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ሕመም ከድህነትና ከልጅነት ችጋር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ‹ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር› የሚል ምድብ አውጥቶ በ1999 ሰርዞት ነበር፤ በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ‹አምስተኛው ዓይነት› ብሎ እንደገና ዕውቅና ሰጠው። ሆላንድ ውስጥ በ1944 እና በ1945 ክረምት በረሃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ልጆች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተመርምረው፣ ስኳርን የማስተናገድ አቅማቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ረሃብ ከስኳር ሕመም ይጠብቃል ከማለት ይልቅ ረሃብ ስኳርን ለቀጣዩ ትውልድ ያወርሳል ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ብልሃት አለው። ስኳር ያለባት እናት ምግብ ብትቀንስ ስኳሯ ይወርድ የለም ወይ? እንግዲያው የድሮው ልማድ ለእርሷ መድኃኒት አይሆንም? ኢንሱሊን ከመገኘቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካዊው ፍሬደሪክ አለን ስኳር ሕመምተኞችን በማስራብ ያክም ነበር። የሽንት ስኳር በእርግጥ ይጠፋ ነበር፤ ሕመምተኛው ግን አጥንትና ቆዳ ሆኖ ይቀር ነበር። በነፍሰ ጡር ላይ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ የተራበ አካል ስብ እያቃጠለ ደሟን ኬቶን ይሞላዋል፣ ጽንሱም ይቀጭጫል። ቀጭጮ የተወለደው ልጅ ደግሞ ከላይ እንዳየነው አድጎ ለስኳር የሚጋለጠው እርሱ ነው። ለዚህ ነው ትክክለኛው ሕክምና የሚለውጠው የምግቡን ዓይነትና አወሳሰድ እንጂ እናቲቱ የሚያስፈልጋትን ብዛት ያልሆነው፦ ሻዩ ያለ ስኳር፣ ገንፎው በትንሽ በትንሹ ከእርጎ ወይም ከባቄላ ጋር፣ ቀኑን ተከፋፍሎ። ይህ ካልበቃ ኢንሱሊን አለ። በ2005 አውስትራሊያ መር የሆነ የ1,000 እናቶች ሙከራ እንዳሳየው፣ ምክር፣ የስኳር ልኬትና ሲያስፈልግ ኢንሱሊን ያገኙት እናቶች ሕፃናት ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት ከ4 ከመቶ ወደ 1 ከመቶ ወርዷል። ይህ የተገኘው እናቶችን በማስራብ አልነበረም።

ከተማ ያለችው እናት የተለየች ናት፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ያቤሎና ሞያሌ ላይ ሱቅ ከፍታ ተቀምጣ የምትውል፣ ዘይቱና ስኳሩ የማይጎድልባት፣ ወፍራ ያረገዘች ሴት አለች፤ ለእርሷ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ወይም ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ የሚለው ልክ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመሩ ለእርሷም ለልጇም ጉዳት ነው። አንድ የክትትል ክፍል በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያይ ስለሚችል ነው አንድ ወጥ ምክር የማይሠራው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የተግባር ነው፤ የጤና ባለሙያዎች የሚያነሡት ስለሆነም አከብረዋለሁ። የቆላ እናት ለክትትል የምትመጣው ዘግይታ ነው፤ ከማርገዟ በፊት ስንት እንደምትመዝን ማንም አይነግርሽም፤ ታዲያ ከየት ተነሥተሽ ትለኪያለሽ? ሆኖም በድርቁ ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየመጠለያው ይዘውት የዞሩት የክንድ መለኪያ ለዚህም ይሆናል። የግራ ክንድ ትከሻና ክርን መሐል ተለክቶ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነች ነፍሰ ጡር የምግብ እጥረት እንዳለባት ይቆጠራል፤ ክንድ ደግሞ በእርግዝና ብዙም አይለወጥም፤ በአምስተኛው ወርም የመነሻዋን አቋም ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የሳምንቱ ጭማሪ ነው፦ ከሦስተኛው ወር ወዲያ ቀጭኗ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ መካከለኛዋ 400 ግራም ያህል፣ በጣም የወፈረችው 200 ግራም ገደማ። ይህን ለማወቅ አንድ የሚሠራ ሚዛንና ሁለት ጉብኝት ይበቃል። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን የእርግዝና ስኳር መመዘኛ ያስገኘው፣ በ2008 የታተመው ትልቁ ጥናት፣ ከ25,000 በላይ እናቶችን በ9 አገሮች በሚገኙ 15 ማዕከላት ሲከታተል አንድም ማዕከል በአፍሪካ አህጉር እንዳልነበረውም መታወስ አለበት። ቁጥሮቹን መጠቀም ግድ ነው፤ የቦረናን እናት አይተው የተቀመሩ አድርጎ መቀበል ግን ግድ አይደለም።

ስለዚህ በያቤሎ አጠቃላይ ሆስፒታልም ሆነ ከእርሱ በታች ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ኬላዎች ለምትሠሩ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ነፍሰ ጡር በመጀመሪያ ቀኗ ስትመጣ ክንዷን ለኩ፣ መዝኗት፣ በካርዷ ላይ ጻፉት። ስኳሯን መርምሩ፤ ቀጭን ናት ብላችሁ አትለፏት። ስኳር ከተገኘባት ስለ ሻይዋና ስለ ገንፎዋ ንገሯት እንጂ ባዶ ሆድ እንድታድር አታድርጓት። ትልቅ ሕፃን እንደምትፈራ ስትነግራችሁ አትገሥጿት፤ ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ መልሱ የምጥ ቀን የሚደርስላት አምቡላንስና የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ እርሱን የማቅረብ ግዴታ ያለበት ደግሞ መንግሥት ነው። አምስቱ ዝናቦች በጠፉባቸው ዓመታት የተፀነሱት ልጆች ተወልደዋል፤ በ2022 የተወለደች የቦረና ልጅ በ2040 18 ዓመት ይሞላታል።